ውሃችን ሲታመም፦ ጅማ ውስጥ በጋራ ግቢ ለምትኖሩ

ጅማ ውስጥ ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ በግቢያችሁ የጉድጓድ ውሃ የምትቀዱ፣ በተለይ ደግሞ ትንንሽ ልጆች የምታሳድጉ ከሆነ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በእኛ ግቢ ያሉ ቤተሰቦች አንድ ክረምት እየተፈራረቁ ታመዋል፤ ልጄም ከሞት አፋፍ ተመልሷል። መንስኤው ከደጃችን ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚርቅ ነበር። ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ እንባ በቀረልን ነበር።

ወደ ጅማ የመጣነው በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነው። ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ዝቅ ያለ ሠፈር፣ ደላላ ባሳየን ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። አከራያችን ከነቤተሰባቸው ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ቤት ይኖራሉ፤ ተከራዮቹ ደግሞ ከጀርባ በተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች። መሐል ላይ የውሃ ጉድጓድ፣ በታችኛው ጥግ የጋራ ሽንት ቤት፣ ከአጥሩ ሥር አቮካዶ። ደላላው ከቤቱ ይልቅ ጉድጓዱን ነበር የሚያሞግሰው፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሠፈር ጉድጓድ በእርግጥም ጸጋ ነው። ግቢውን ያየነው በጥር ስለነበር ሁሉም ነገር ደረቅና ንጹሕ ነበር።

ከሌላ አካባቢ ለሚመጣ ሰው የጅማ ዝናብ ገና ከመጋቢት ጀምሮ ሳያቋርጥ እስከ መስከረም መዝለቁ ያስገርማል። መሬቱ ውሃ ይጠግባል። ሰኔ ሲገባ የጉድጓዳችን ውሃ ወደ ላይ ከፍ ስላለ ባልዲውን ለማውረድ አጭር ገመድ ይበቃን ጀመር፤ የግቢው ሴቶችም «ዘንድሮ ውሃው በዛልን» እያልን ተደሰትን። ያን ጊዜ ያላሰብነው ነገር ቢኖር ወደ ጉድጓዳችን ከፍ ያለው ውሃ በአካባቢው ወዳሉት የሽንት ቤት ጉድጓዶችም እንደሚገባና ሁለቱ ከመሬት በታች እንደሚገናኙ ነው። የጉድጓዳችሁ ገመድ በክረምት ሲያጥር ካያችሁ ውሃውን መጠርጠር የምትጀምሩት ያኔ ይሁን።

ልጄ ያን ጊዜ ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ተቅማጥ ሲጀምረው ሁሉም ሰው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለኝ። ትንሽ ተሻለው፣ ደግሞም አገረሸበት። አንዲት ጎረቤት ከልቧ አዝናልኝ «ግግ ነው፣ የምታወጣ ሴት አውቃለሁ» ስትለኝ ባለቤቴ አይሆንም ብሎ ባይቆም ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ የጨነቃት እናት ሁሉን ትሞክራለች። እናቶች ሆይ፣ ግግ ማስወጣትም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጥን አያድንም። ባልጸዳ መሣሪያ የሕፃኑን ድድ አቁስሎ በተቅማጡ ላይ የደም መፍሰስና መመረዝ ይጨምርበታል እንጂ።

በዚያው ሰሞን አዋቂዎቹም አልቀረላቸውም። አንዱ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ አንዷን ያተኩሳታል፣ ሌላውን ያስቀምጠዋል። እያንዳንዱ በየፊናው ወደ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ብዙውም «ታይፎይድ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያው ሕመም ይመለሳል። በኋላ ያገኘሁት ሐኪም እንደነገረኝ በየክሊኒኩ ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ለተሕዋሲው የተጋለጠ ሰው አሁን ባይታመምም «አለብህ» ሊለው ይችላል። ስለዚህ «ታይፎይድ ነው» በተባላችሁ ቁጥር የሰገራ ምርመራ ይደረግ እንደሆነ፣ የደም ካልቸር (ተሕዋሲውን ከደም አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ) ማሠራት የሚቻል እንደሆነ ጠይቁ። የጀመራችሁትን ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒትም አጋምሳችሁ ለሌላ ሰው አታካፍሉ፤ በእኛ ግቢ ይህም ይደረግ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታው ነበር። ስለ ተቅማጥ ማውራት ያሳፍራል። በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ በአንድ ሽንት ቤት ተሰልፈን፣ አንዳችን የሌላውን ሕመም አናውቅም ነበር።

አንድ ሌሊት ልጄ ባሰበት። ያስታውከዋል፣ ጡት አይዝም፣ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቅቀው ቶሎ አልመለስ አለ። ከዚያ በኋላ ማልቀሱንም ተወ፤ እኔ የተኛ መስሎኝ ነበር። እነዚህን ምልክቶች እባካችሁ አጥኗቸው፦ እንባ የሌለው ለቅሶ፣ የጎደጎደ ዓይን፣ የደረቀ አፍ፣ ቶሎ የማይመለስ ቆዳ፣ መዛልና መፍዘዝ። ልጁ እያለቀ ያለው በውሃ እጦት ነውና እስኪነጋ አትጠብቁ።

ዝናቡ ይወርዳል፤ በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይገኝም። ባለቤቴ ከታች ግቢ ያሉትን ሀጂ በር አንኳኳ። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ሀጂ ኮታቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበው አሮጌ መኪናቸውን አስነሡ፤ ሆስፒታል አድርሰውንም እስኪነጋ አብረውን ተቀመጡ። አዲስ ሠፈር ስትገቡ፣ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነና በሌሊት የሚነሣ የባጃጅ ሹፌር ማን እንደሆነ ችግር ሳይመጣ እወቁ። ስልካቸውን ከበሩ ጀርባ ጽፋችሁ ለጥፉት።

ሆስፒታል እንደደረስን የተደረገለትን አልዘረዝርም፤ ዋናው ነገር ልጄ ተረፈ። ነገር ግን ነርሷ ቁጭ ብላ ያስተማረችኝን ለእናንተ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ አር ኤስ) የሚባለው ዱቄት በጤና ጣቢያም በመድኃኒት ቤትም ይገኛል፤ ቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር። አንዱ ፓኬት ሙሉ በሙሉ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል፤ ግማሹን አይከፈልም፣ ስኳር አይጨመርበትም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ይሰጠዋል፤ በጡጦ ሳይሆን በማንኪያ፣ ቀስ እያለ። ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና በዝግታ መጀመር ነው። ጡት አይቋረጥም፣ ምግብም አይከለከልም። ከዚህ ጋር የሚታዘዘው የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መወሰድ አለበት። እኔ ዚንክን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ልጄ ዓይኑን ገልጦ መጠጣት ከጀመረ በኋላ ሐኪሙ ካርዱን እየሞላ «ውሃችሁ ከየት ነው?» አለኝ። «የምንጠጣው የቧንቧ ነው» አልኩት። «ስኒውንና ጡጦውን የምታጥቢው፣ ሰላጣውን የምታለቅልቂው፣ ልጁን የምታጥቢውስ በምንድን ነው?» ሲለኝ መልሱ ለራሴም ተገለጠልኝ። በጉድጓድ ውሃ ነው። ሕፃን ልጅ ሲታጠብ ደግሞ ከመታጠቢያው ውሃ እንደሚጠጣ ያላየች እናት የለችም። ሐኪሙ ቀጥሎ «ግቢው ውስጥ ሌላ የታመመ አለ?» አለኝ። ይህንን መመለስ አልቻልኩም፤ ቤት ስመለስ እጠይቃለሁ አልኩት።

እንደተመለስኩ ቡና አፈላሁና የግቢውን ሴቶች በሙሉ ጠራሁ። አቦል ሳይጠጣ የልጄን ነገር፣ ተቅማጡን፣ ሐኪሙ የጠየቀኝን አንድ ሳልደብቅ ተናገርኩ። አንዷ «የእኔም ልጅ እኮ» አለች። ሌላዋ ቀጠለች። ሁለተኛው ሳይደርስ በእያንዳንዱ ክፍል ሰው መታመሙ ታወቀ። በደህና የከረመው ዳር ባለችው ክፍል የሚኖረው ተማሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ውጭ ነው የሚበላው። የአከራያችን የልጅ ልጆችም ታመው እንደነበር የሰማነው በዚያ ቡና ላይ ነው። ጤና ለሌለው ግቢ የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ይመስለኛል፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ያ ተማሪ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና የሚያጠና ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌዎች እያሰማራ ከኅብረተሰቡ ጋር ማስተማሩ የታወቀ ነው፤ ይህ ልጅም በሌላ ሠፈር የሰው ጉድጓድ ሲመዘግብና ሲለካ ከርሟል። የራሱን ግቢ ግን እንዲያይ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስንነግረው ደብተሩን ይዞ ወጣ።

ሁላችንም የጠረጠርነው የራሳችንን ሽንት ቤት ነበር። የእኛ ሽንት ቤት ግን ከጉድጓዱ በታች፣ በተዳፋቱ በኩል ስለሆነ ዋናው ሥጋት አልነበረም። ተማሪው ወደ ላይኛው አጥር ሄዶ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያይ የላይኛው ጎረቤታችን ሽንት ቤት አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ከእኛ ጉድጓድ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል፣ ከፍታውም ከእኛ በላይ ነው። በውሃ ጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል ቢያንስ 30 ሜትር መኖር እንዳለበት፣ የውሃው ጉድጓድም ሁልጊዜ በላይኛው በኩል መሆን እንደሚገባው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ቤት ስትከራዩ የራሳችሁን ግቢ ብቻ አትዩ። ከላይ ያለውን አጥር ተሻግራችሁ ተመልከቱ፤ ቆርቆሮ ሰው ይከለክላል እንጂ ከመሬት በታች የሚሰርግ ውሃ አይከለክልም።

የጉድጓዳችን አፍም ሌላ ችግር ነበረበት። ከመሬት እኩል ነው፣ ክዳኑ ቁራጭ ቆርቆሮ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ዶሮ የሚረግጠው ጭቃ ላይ የተጣለው ባልዲና ገመድ ተመልሶ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

በማግሥቱ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠራናት። መጥታ አየች፣ ናሙናውም ከተሕዋሲ በጸዳ ጠርሙስ ተወስዶ ለምርመራ እንዲላክ አደረገች። ናሙና መስጠት የምትፈልጉ ሰዎች፣ በራሳችሁ ጠርሙስ ቀድታችሁ አትውሰዱ፤ ጠርሙሱ ራሱ ውጤቱን ያበላሻል። ቀዝቀዝ ተደርጎ በዚያው ቀን መድረስም አለበት። ውጤቱ ሲመጣ ኢ-ኮላይ ተገኘበት፤ ይህ ተሕዋሲ ሰገራ ወደ ውሃው መግባቱን የሚናገር ምልክት ነው። ለመጠጥ በሚውል 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም።

ነገሩ ከዚህ በኋላ ሊበላሽ ምንም አልቀረውም ነበር። ከተከራዮቹ አንዱ ወረቀቱን ይዞ አከራዩ በር ላይ ጮኸ። አከራያችን በሰው ፊት መዋረዳቸው ከነከናቸውና «ያልተመቸው ይልቀቅ» አሉ። የላይኛው ጎረቤታችንም ወሬው ሲደርሳቸው «የእኔ ሽንት ቤት ከእናንተ ጉድጓድ በፊት የተቆፈረ ነው» ብለው በራቸውን ዘጉ። እውነታቸውን ነበር፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው በኋላ ነው። ለጥቂት ጊዜ የግቢው ሰው ሰላምታ ተቋረጠ፤ ውሃው ግን ያው ነው።

ነገሩን ያስተካከሉት ሀጂ ናቸው። ልጄን ሊጠይቁ መጥተው ሁኔታውን ስነግራቸው «ልጄ፣ የማን ሽንት ቤት ነው ብላችሁ ከጀመራችሁ አትጨርሱትም። ውሃችን ታመመብን ብላችሁ ጀምሩት» አሉኝ። በቤታቸው አከራያችንን፣ የላይኛውን ጎረቤታችንን፣ የዕድሩን ሰብሳቢና ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ጠሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የማንንም ስም ሳታነሣ ውሃ ከመሬት በታች እንዴት እንደሚሄድ በወረቀት ሥላ አስረዳች። ማንም አልተከሰሰም፤ ስለዚህ ማንም ራሱን መከላከል አላስፈለገውም። የላይኛው ጎረቤታችን ራሳቸው ናቸው ሽንት ቤታቸው ሞልቶ በዝናብ ጊዜ እንደሚያፈስ የተናገሩት፤ ለማስመጠጥ ገንዘብ እንዳጠራቸውም አልደበቁም። ከጎረቤት ጋር እንዲህ ያለ ጉዳይ ካላችሁ በአጥር ላይ አትነጋገሩ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት ሰው ቤት ተቀምጣችሁ፣ ባለሙያ አስገብታችሁ፣ የምርመራውን ወረቀት በመካከል አድርጋችሁ ተነጋገሩ።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። የማስመጠጫውን ወጪ ሁለቱ ግቢዎች ተጋሩት። የላይኛው ጎረቤታችን በጋ ሲገባ በታችኛው በኩል፣ ከጉድጓዳችን ርቆ አዲስ ሽንት ቤት ሊያስቆፍሩ ተስማሙ። አከራያችን ሲሚንቶውን ቻሉ፣ ተከራዮች ጉልበታችንን ሰጠን። በስብሰባው መሐል አንድ ሰው «ለመኪና ከመክፈል ዝናብ ሲጥል ማታ ወደ ወንዙ መልቀቅ ይሻላል» ብሎ ነበር። ሀጂ በቁጣ ተነሡ። አዌቱ ከእኛ ሠፈር ካለፈ በኋላም ወደ ቦዬ ረግረግ እስኪወርድ ድረስ ልጆች ይዋኙበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ አትክልት ይጠጣበታል። የእኛን ልጆች ለማዳን የሌላውን ልጆች መመረዝ አይቻልም፤ በየሠፈሩ በጨለማ የሚደረግ ስለሆነ ነው በግልጽ የምጽፈው።

መጣጩ መኪና ሲመጣ በቅያሱ ማለፍ አልቻለም። በርጩማና አልጋ የሚሠሩት አናጢ ጎረቤታችን ጣውላቸውን መንገድ ዳር ደርድረውት ነበርና መኪናው ተመልሶ ሄደ፤ ሌላ ተራ እስኪደርሰን ጠበቅን። መኪና ከማዘዛችሁ በፊት የመንገዱን ስፋትና ቱቦው የሚደርስበትን ርቀት ለክታችሁ ንገሯቸው።

እስከዚያ ድረስ የኖርንበትን ሥርዓት ዛሬም ብዙ ቤት ሊጠቀምበት ይችላል። የጉድጓዱን ውሃ ለወለልና ለልብስ ብቻ አደረግነው። ለመጠጥ፣ ለስኒና ለጡጦ ማጠቢያ፣ ለአትክልት፣ ለጥርስና ለልጅ ገላ የቧንቧ ውሃ በተለየ ጀሪካን እናስቀምጣለን፤ እንዳይቀላቀልም በጀሪካኑ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንበት። የቧንቧው ሲጠፋ የጉድጓዱን እናፈላለን። ጅማ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ስለሆነች ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከሰልም ያን ያህል አይፈጅም። ማፍላት ያልቻለ ሰው «ውሃ አጋር» የተባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ይጨምራል፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግን አይዘለልም። የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል። ጀሪካኑ ራሱ ውስጡ ያዳልጣል፤ ጠጠርና ሳሙና ከትቶ እየናጡ ማጠብ ያስፈልጋል።

ዝናቡ ሲቆም የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ከፍ አደረግነው፣ ዙሪያውን ሊሾ አድርገን የፈሰሰው ውሃ በቦይ እንዲወጣ አደረግን፣ የሚገጥም ክዳን አሠራን። አንድ ባልዲ ብቻ አለ፤ ከጉድጓዱ መዘውር ላይ ይንጠለጠላል፣ መሬት አይነካም። ከዚያ በኋላ በባለሙያዋ አማካይነት ጉድጓዱ በክሎሪን ታከመ። ሽታው እስኪቀንስ ውሃውን ቀድተን ደፋን። ክሎሪኑ መጨረሻ ላይ መምጣቱን ልብ በሉ፤ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ሳይቆም ጉድጓድ ማከም ገንዘብ መጣል ነው። በበጋው የተደረገው ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ቢሆንም የልጄን ውሃ በክረምት ሳላፈላ አልሰጥም፤ አሮጌው የሽንት ቤት ጉድጓድ ቢደፈንም መሬቱ የያዘውን ቶሎ አይለቅም።

ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ ከተቻለ ዝናብ ሲጥል ሂዱ፤ ጎርፉ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚወጣ ያን ጊዜ ይታያል። ደላላውን ሳይሆን እዚያው የሚኖሩትን ተከራዮች፣ በተለይም ልጅ ያላትን ሴት፣ በክረምት ማን እንደታመመ ጠይቋት። ጉድጓድ ያላችሁ አከራዮችም ይህን ሥራ ለግንቦት አታቆዩት። በጅማ መሬቱ ደርቆ ቁፋሮም ሲሚንቶም በደንብ የሚያዘው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባሉት ጥቂት ወራት ነው፤ መጣጭ መኪናውም ጭቃ ሳይይዘው ቅያሱ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። ሽማግሌ ለመሰብሰብና ገንዘብ ለማዋጣት ጊዜ ስለሚፈጅ ንግግሩን በጥቅምት ጀምሩት።